የማይጮኸው በር

ጥር ሃያ ሰባት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጌጤ የግቢዋ በር መጮህ ማቆሙን አወቀች።

በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላ ትቋጭ ነበር። ከሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የተሸመነ ነጠላ ትቀበልና ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በመዳፏ እያሸች ትቋጨዋለች። ሥራው እጅ እንጂ አፍ አይፈልግም። አፏ ሥራ ሲፈታ ታዲያ ከሞተው ባሏ ጋር ያወራል። «ባጫ፣ ዛሬም ውሃ አልመጣም» ትለዋለች። «ባጫ፣ ቦንቱ ደውላ ነበር፤ ፈተና ጨርሻለሁ አለች» ትለዋለች። ቦንቱ አንድ ልጃቸው ናት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ያን ቀን ምን እያለችው እንደነበር በኋላ ጠፋባት። ብቻ ከክሩ ላይ ዓይኗን ስታነሳ አንድ ሰው ከፊቷ ቆሟል።

«በስመ አብ! በየት ገባህ?»

«በበሩ ነዋ» አለ የባሏ ጓደኛ ደቻሳ እየሳቀ። «በአጥር የምዘል ጎረምሳ መሰልኩሽ?»

«በሩ መቼ ጮኸ?»

«እሱን ገላገልኩሽ። ባለፈው ስወጣ ማጠፊያውን ግራሶ ቀባሁት። የባጫ ቆርቆሮ እዚያ መጋዘኑ ውስጥ ተቀምጦ የለ? ከሱ ነው የወሰድኩት።»

«ምን አደረገህ በሩ?»

ደቻሳ ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ መታ መታ አደረገው። «ጎረቤት እንዳይረበሽ ብዬ ነዋ» አለ።

ያንን በር የሠራው ባጫ ራሱ ነው። በያጅ ነበር። ቀጨኔ መድኃኔዓለም ጀርባ ወዳለችው ወደዚህች ቤት የገቡ ዓመት ከየሥራው የተራረፈ ብረት ሰብስቦ በየደው። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ በሩም ተንጋዶ ቆመ፤ ሲለቁት በራሱ ጊዜ ይዘጋል፤ ሲከፍቱትም ሲዘጉትም ሲጥጥ ብሎ ይጮሃል። ማን ወደ ጌጤ ቤት እንደገባና መቼ እንደወጣ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያውቃል። ዘይት ቢጤ ጠብ አድርግበት ሲሉት ባጫ እምቢ ይል ነበር። «ይሄ ውሻዬ ነው» ይላል። «ሥጋ አይጠይቀኝ፣ ሰው አይነክስብኝ። ጩኸቱን ብቻ ተዉለት።»

ባጫን ጥቅምት ላይ ደም ግፊት ሥራ ቦታው ላይ ጣለው። ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ። የዚያን ሰሞን ነገር ሁሉ በደቻሳ እጅ ነው የተከናወነው። ሣጥኑን ያስመጣው፣ ድንኳኑን ያስተከለው፣ ለቀብር አውቶቡስ የለመነው፣ ጅማ ደውሎ ለቦንቱ በዘዴ ያረዳው እሱ ነው። ዊንጌት አካባቢ ጎሚስታ ቤት አለው። ከባጫ ጋር ከሱሉልታ አንድ ላይ ነው የመጡት፤ አንድ ክፍል ተከራይተው አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው ኖረዋል። ሲሮጥ ሰንብቶ ቀብሩ ላይ እንኳ ሲያለቅስ ያየው የለም።

ሚስቱ ዓለሜ ደግሞ ከጌጤ አጠገብ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ሰነበተች። ሌላው ሰው እያደር ሲሄድ እሷ አልሄደችም። ጌጤ አልበላም ስትል በእጇ እያጎረሰች፣ ፀጉሯን አጥባ እየሠራች፣ ሌሊት ስትባንን እጇን እየያዘች ቆየች። አርባው ወጥቶ ወደ ቤቷ ስትመለስም ለባሏ «በመንገድህ ጎራ እያልክ ጌጤን እያት፤ ብቻዋን ናት» አለችው። ደቻሳም ጎራ ማለት ጀመረ።

መጀመሪያ የተቃጠለ አምፖል ቀየረ። ከዚያ የሚያፈስ ጣሪያ ደፈነ። ከዚያ የሚሠራ ነገር አለቀና ዝም ብሎ ይመጣ ጀመር። ተቀምጦ ስለ ባጫ ያወራላታል፤ ልጅ ሳሉ ከብት ጠፍቶባቸው እንጦጦ ጫካ ውስጥ እንዳደሩ፣ ባጫ መጀመሪያ ጌጤን ያያት ቀን እንዴት ምሳውን ሳይበላ እንደዋለ። ጌጤ እንዲህ ያለውን ወሬ ከሌላ ከማንም አታገኝም። ቦንቱ የአባቷ ስም ሲነሳ ታለቅሳለች፤ ጎረቤቶች ደግሞ «በቃ እርሺው» ይላሉ። ደቻሳ ብቻ ነው ባጫን ሕያው አድርጎ የሚያመጣላት። ሲስቅም ሳቁ የባጫን ይመስላል፤ አብረው ሲስቁ ስለኖሩ ይሆናል።

በዚያ ማክሰኞም ተቀመጠ። የሰጠችውን ውሃ ጠጣ። ሊሄድ ሲነሳ ወደ መሬት እያየ፣ «ቅዳሜ ዓለሜ ፍቼ ትሄዳለች፤ የእህቷ ልጅ ሰርግ ነው» አለ። «እኔ ሥራ አለብኝ ብዬ ቀርቻለሁ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ልምጣ? ራት አብረን እንበላለን። ረጋ ብለን እንጫወታለን፣ ጌጤ ኮ።»

ጌጤ ኮ ማለት በኦሮምኛ «የኔ ጌጤ» ማለት ነው። እንደዚያ ብሎ የሚጠራት ባጫ ብቻ ነበር።

«እሺ» አለች። ቃሉ ከአፏ የወጣው እሷ ሳታዘው ነው።

ደቻሳ ወጣ። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተከትሎት ተዘጋ። ጌጤ ክሩን እንደያዘች ቀረች። ያስደነገጣት የሱ ነገር አልነበረም። ወንድ ነው፣ ይሳሳታል ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። ያስደነገጣት በሩ ሳይጮህ ሲዘጋ ልቧ ደስ ማለቱ ነው።

ማታውን አልጋዋ ሥር ተንበርክካ ጸለየች። ሰገደች። ባጫና እሷ በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ እሱ ሲሞትም በቁርባኔ እኖራለሁ ብላ ለመድኃኔዓለም ቃል ገብታለች። ያንን ቃል አስታወሰች። የዓለሜን እጅ አስታወሰች፤ ፀጉሯን ስትሠራላት ከኋላዋ ሆና ዝም ብላ ታለቅስ እንደነበር፣ እንባዋ አንገቷ ላይ ጠብ ሲል ይሰማት እንደነበር አስታወሰች። ከዚያ «አሜን» ብላ ተነሳችና የቅዳሜውን ራት ማሰብ ጀመረች። ምን ልሥራ? የትኛውን ቀሚስ ልልበስ? ከጥቁር ልብስ ሌላ እንደሌላት ትዝ ሲላት አፈረች። ማንም ሳያያት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ረቡዕ ጠዋት ደወለችለት። አትምጣ ልትለው ነው።

«ወዬ ጌጤ!» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር።

«እ... ማለቴ... ዓለሜ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ለሰርጉ ሽር ጉድ እያለች ነው። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

«ቅዳሜ እንገናኛለን አይደል?»

«እንገናኛለን» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከመደወሏ በፊት የነበራት አቅም እንኳ አሁን የለም።

ዓርብ ከኪዳን በኋላ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ አምኃ ሄደች። መምሬ አምኃ እርጅና ጉልበታቸውን ስለያዛቸው ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ሥር ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው ሰው የሚያነጋግሩት። መስቀል ተሳለመችና እግራቸው ሥር ተቀመጠች። የሰውየውን ስም ሳትጠራ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። በሩንም ነገረቻቸው።

«ጸልየሻል?» አሉ።

«ጸልያለሁ አባቴ። አልያዘልኝም። ከጸሎት ተነስቼ የምሄደው ወደ በሩ ነው፤ ጆሮዬ እዚያ ነው።»

«በሩስ?»

«በሩ ምን አባቴ?»

«ተዘግቷል ወይስ ተከፍቷል?»

«ተዘግቷል እንጂ። ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ።»

መምሬ አምኃ ሳቅ አሉ፤ ጥርስ ስለሌላቸው ሳቃቸው ትንፋሽ ብቻ ነው። «ልጄ፣ በር ዘግተሽ፣ ማጠፊያውን ግራሶ አጠጥተሽ፣ ቀን ቀጥረሽ፣ ከዚያ ተንበርክከሽ 'ጌታ ሆይ አድነኝ' ስትይው እሱስ ምን ይበል? መልአክ ልኮ በርሽን እንዲከፍትልሽ ነው? እጅ ሰጥቶሽ የለ?»

«ግራሶውን እኔ አልቀባሁትም።»

«አልጠረግሽውምም።»

ጌጤ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ስልክ ደውለሽ አትምጣ በይው እንዳልልሽ፣ ደውለሽ አይተሽዋል» አሉ መምሬ። «ክርክር አትግጠሚ። ክርክሩ ራሱ ጨዋታ ይሆናል፤ ጨዋታው ይጥማል። አትቆጪው፣ አትስደቢው፤ እሱም የጎደለበት ነገር አለ። 'እኔ ጠንካራ ነኝ፣ ቢመጣም አልወድቅም' ብለሽም ብቻሽን አትቀመጪ። እኔ ሰማንያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ እስከ ዛሬ ፆም ላይ ሥጋ ቤት ባለበት መንገድ አላልፍም።»

«እርስዎም አባቴ?»

«እኔማ ከሁሉ ይብስብኛል፤ ሆዳም ነኝ። በቤተ ልሔም ጀርባ ዞሬ ነው የምሄደው።» መስቀላቸውን አነሱ። «ጸሎትሽን አትተዪ። ግን ቅዳሜ በርሽን ክፈቺ፤ ወለል አድርገሽ። ቤትሽን መንገድ አድርጊው። ሌላውን መድኃኔዓለም ያውቃል።»

ቅዳሜ የካቲት አንድ ቀን ሆነ። ጌጤ ጠዋት ቤቷን ጠረገች። ምስር ክክ ወጥ ሠራች፤ የሠራችው ለማን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም። ከሰዓት በኋላ እጇ ክሩን አልይዝ አለ። አሥር ሰዓት ሲሆን ተነስታ ወደ በሩ ሄደችና መወርወሪያውን ስባ ከፈተችው።

በሩ ተመልሶ ተዘጋ።

እንደገና ከፈተችው፤ እንደገና ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ መጥቶ ተዘጋ። ቁልቁለቱ ነው። ድንጋይ ብታስደግፈው ድንጋዩን እየገፋ መጣ። በፊት ማጠፊያው ዝገት ስለነበረው ትንሽ ያዝ ያደርገው ነበር፤ አሁን በግራሶ እንደ ልቡ ሆኗል። ጌጤ ላብ አጠመቃት። በሩ ራሱ ከደቻሳ ጋር የመከረባት መሰላት። በመጨረሻ ቤት ገብታ ያንን ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ ለለቅሶ ከጎረቤት ተለምኖ ሳይመለስ የቀረውን፣ እየጎተተች አወጣችና ከበሩ ጋር አስደገፈችው። በሩ ቆመ።

ከዚያ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ በጥቁር ልብሷ፣ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ያላሰበችው ነገር ይህ ነው። በዚያ ሰፈር በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ አግዳሚ ወንበር ደጅ ወጥቶ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ከተቀመጠችበት፣ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያየችው ከታች የምትኖረዋ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ጽጌ ናት። ጭቃ የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። «ወይኔ ጌጤ! ወይኔ ልጄን! ቦንቱ ናት? ቦንቱ ናት?» እያለች ደረቷን ትመታለች።

«ኧረ እትዬ ጽጌ! ቦንቱ ደህና ናት! ማንም አልሞተም!»

«እንግዲያ ምን ሆነሽ ነው ወንበር ያወጣሽው?»

«በሩን ልክፈት ብዬ ነው። እየተዘጋ አስቸገረኝ።»

«ምን ልታስገቢ?»

«ነፋስ።»

እትዬ ጽጌ ደረቷን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተዘረረች። «ነፋስ! ነፍሴን አወጣሽው እኮ፤ ነፋስ ትላለች!» ግን ጩኸቷን ሰምተው ሁለት ሴቶች ከላይ እየመጡ ነበር። የነሱን ጩኸት ሰምቶ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጋቢውን እየጎተተ መጣ። ለያንዳንዱ «ማንም አልሞተም» እየተባለ ይነገረዋል፤ ያም ይቆጣል፣ ይስቃል፣ ከዚያም ከመጣሁ አይቀር ብሎ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጋሽ በዳሳ ደረሱ።

ጋሽ በዳሳ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስተው በየቅያሱ ጡሩምባ የሚነፉት፣ የሟቹን ስም የሚለፍፉት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ፊታቸው ተቆጥቶ መሬቱን በዱላቸው እየወጉ መጡ።

«ማን ነው የሞተው? እኔ ሳልነፋ ማን ነው የሞተው? ጡሩምባው እኔ ቤት ነው! ሌላ ነፊ ቀጥራችሁ ከሆነ ንገሩኝ!»

«ማንም አልሞተም ጋሽ በዳሳ» አለች እትዬ ጽጌ። «ነፋስ ልታስገባ ነው አሉ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ በዳሳ አልሳቁም። ጌጤን ትኩር ብለው አዩአትና ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። «የባጫ ቤት አይደለም ይሄ?»

«ነው» አለች።

«ባጫ ሲሞት እኔ ሆስፒታል ነበርኩ። ሌላ ሰው ነፋለት። ድኜ ስወጣም ዛሬ ነገ እያልኩ ለቅሶሽን ሳልደርስ ቀረሁ። ፊትሽን እየሸሸሁ ነው የከረምኩት፤ ሳይሽ ቅያስ እቀይራለሁ።» በሩን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉ። «የእድሩ ድንኳን ዘንግ ሲሰበር ማን ነበር የሚበይደው? ክረምት በዝናብ ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ የሚደፍንልኝ ማን ነበር?» ዱላቸውን ጥለው ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ አጣፉ። «ወንድሜን! ባጫዬን! ስምህን ሳልጠራ ሄድክብኝ!»

ለቅሶ ሳይደርስ የቆየ ሰው መጥቶ ሲያለቅስ ሐዘንተኛው አብሮት ሊያለቅስ ይገባል፤ ያ ደንብ ነው። ጌጤ ተነሳች። መጀመሪያ ለደንቡ ነው የጀመረችው፤ ከዚያ ግን እንባው የራሱን መንገድ ያዘ። ባጫ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አላለቀሰችም። ሴቶቹም ተነሱ። ሳቃቸው ከፊታቸው ሳይጠፋ እንባ መጣባቸው። በዚያች የተንጋደደች ግቢ ውስጥ የባጫ ለቅሶ እንደ አዲስ ቆመ።

ደቻሳ በዚህ መሀል ደረሰ።

ፂሙን ተላጭቶ፣ ንፁህ ሸሚዝ ለብሶ፣ ብርቱካንና አንድ ጠርሙስ ወይን በፌስታል ይዞ ከታች እየመጣ ነበር። ከመታጠፊያው ላይ ሆኖ ጩኸት ሰማ። ቀና ሲል በሩ ተከፍቷል፣ ወንበር ወጥቷል፣ ሰው ያለቅሳል። በዚያ ቤት የሚኖር አንድ ሰው ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ሮጠ። በሩ ላይ ሲደርስ ብርቱካኑ ከፌስታሉ ወጥቶ ቁልቁል ተንከባለለ።

«ጌጤ! ጌጤ ምን ሆነች? ጌጤን ምን አገኛት?»

ሁሉም ዞሮ አየው። ጌጤም ከመሀላቸው ዓይኗ ቀልቶ አየችው። ደቻሳ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ፍርሃቱ ሲለቀው ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት። ወንበሩን አየ። በሩን አየ። ፌስታሉን ከጀርባው አደረገ።

«አንተ ማን ነህ?» አሉ ጋሽ በዳሳ።

«እኔ... የባጫ ጓደኛ ነኝ።»

«የልብ ጓደኛው?»

ደቻሳ ፌስታሉን ከጀርባው ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «አብሮ አደጉ ነኝ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያ ምን ያቆምሃል? ና እዚህ ቁጭ በል። አብሮ አደግ ቆሞ አያለቅስም።»

ደቻሳ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ጭንቅላቱን በእጆቹ ያዘ። ከዚያ ድምፅ አወጣ፤ ያ ድምፅ ወንድ ለቅሶ ቤት የሚያወጣው ዓይነት አይደለም፣ ጫካ ውስጥ መሽቶበት የሚጠራ ልጅ ድምፅ ነው። «ባጫ! ኧረ ባጫ! ወዴት ጥለኸኝ ሄድክ!» ይላል። ጋሽ በዳሳ እጃቸውን ጀርባው ላይ አደረጉ። «አልቅስ ልጄ፤ ቆይቶብሃል» አሉት። እትዬ ጽጌ ፌስታሉ ውስጥ የወይኑን ጠርሙስ አንገት አየች፤ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ምን እንዳሰበች አይታወቅም፣ አፏን ዘግታ ነጠላዋን ፌስታሉ ላይ ጣል አደረገችበት።

ጌጤ ምስር ወጡን አቀረበች። ሁሉም ቀማመሰ። ፀሐይ ወደ ዊንጌት በኩል ዘቅዘቅ ስትል ሰዎቹ «እግዜር ያጽናሽ» እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ጋሽ በዳሳ በመጨረሻ ተነሱና ደቻሳን በክንዱ ያዙት። «ና አድርሰኝ፤ ዓይኔ ሲመሽ አያይም።»

ደቻሳ በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ ቆመ። ሽማግሌው ትንሽ ራቅ ብለው ይጠብቁታል።

«በሩን ሆን ብለሽ ነው የከፈትሽው?» አለ በዝቅተኛ ድምፅ።

«አዎ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ልትተይው ነበር?»

«እስክትሄድ።»

መሬት መሬት አየ። ፌስታሉን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «ዓለሜ ሰኞ ትመለሳለች።»

«ሰኞ ነነዌ ይገባል» አለች ጌጤ። «ማክሰኞ ትምጣልኝ በላት፤ ፀጉሬን ትሠራኛለች።»

«እነግራታለሁ» አለ። «ጌጤ» ብቻ ብሎ ሊጨምር የነበረውን ተወው። ሄደ።

ደስ አላት ማለት ውሸት ነው። ጌጤ ወንበሩን ጎትታ አስገባች፤ በሩም ምንም ሳይል ተዘጋ። ቤት ገብታ የተረፈውን ወጥ ከደነች። ሬዲዮ ከፈተች፤ ዘጋችው። ከአልጋው በባጫ በኩል ያለው ትራስ ገና እንዳለ ነበር። ከመድኃኔዓለም ሥዕል ፊት ቆመች፤ ብዙ ቃል አልመጣላትም። «አየኸኝ አይደል?» አለችው። «አሁንም ብቻዬን ነኝ። እያየኸኝ እደር።» ከዚያ በራሷ በኩል ተኛች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ጋዝ በቆርቆሮ፣ አሸዋ በጨርቅ ይዛ ወደ በሩ ወጣችና ማጠፊያውን ታሽ ጀመር። እትዬ ጽጌ ሸክላዋን ተሸክማ ስታልፍ ቆም ብላ አየቻት።

«ሰው ግራሶ ይቀባል፤ አንቺ ታነሺያለሽ?»

«ድምፁ ናፍቆኝ ነው» አለች ጌጤ።

እትዬ ጽጌ ሸክላውን አወረደችና አንደኛውን ማጠፊያ ያዘች። ተረዳድተው ቢያሹትም ያን ቀን በሩ አልጮኸም። ማክሰኞ ዓለሜ መጥታ ፀጉሯን ስትሠራላትም በሩ ዝም ብሎ ነበር ያስገባት። ደቻሳ ከዚያ ወዲህ ከዓለሜ ጋር ካልሆነ በቀር አልመጣም፤ የሙት ዓመቱ ድንኳን ሲተከል ግን ዘንጉን የያዘው እሱ ነው። በሩ እንደገና መጮህ የጀመረው ክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ ማጠፊያው ከዛገ በኋላ፣ መስከረም ላይ ነው።